ኮምፒውተር ያመጣብኝ አንቱታ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር። እውነቴን ነው! እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ስንቱ ተጠብሶ እንደተበላ ማን ጠየቀ? በዚህ አገር መፍጠን ነውር ነው። ሥራውን በሰዓቱ የጨረሰ ሠራተኛ «ምን አስቸኮለህ?» ይባላል፤ ያልጨረሰው «አይዞህ» ይባልና የጨረሰው እንዲያግዘው ይታዘዛል። እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። በጠዋት ተነስታችሁ አውቶቡስ ውስጥ ቀድማችሁ ብትቀመጡ የምትሄዱት የመጨረሻው እንቅልፋም ተሳፋሪ ሲመጣ ነው። እኔ በዚህ ንዴት ስኖር ስኖር፣ ለካ ነገሩ ኮምፒውተር ውስጥም ገብቶ ኖሯል!

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔና ታምሩ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ታምሩ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፤ የጨንቻ ልጅ፣ የምድር ነገር የማያስቸኩለው ሰው። ተጋግዘን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛን፤ ሚሞሪው ግን የጫንንበትን የኳስ ጨዋታ መሸከም አቃተው። ሚሞሪ ማለት ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስታውስበት ጣት የምታህል ሰሌዳ ናት። ታምሩ አንድ አሮጌ ፈልጎ አመጣ፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ፈጣን የተባለውን አስመጣሁና ሁለቱን ጎን ለጎን ሰካናቸው። ከዚያ ወዲያ ጉድ በል ሲቀላ! ተጫዋቹ ይሮጥ ይሮጥና ቀጥ ይላል። ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ድምፁም «ጎ… ጎ… ጎ…» እያለ ይንተባተባል።

ታምሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበትን ሰማያዊ ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። የሚሞሪው ፍጥነት በእኔው በፈጣኑ ልክ ተስተካክሏል።

«በዘገምተኛዋ ልክ እናድርገው» አለኝ። «የእኔዋ በአንተዋ ፍጥነት መሄድ አትችልም። የአንተዋ ግን ቀስ ማለት አያቅታትም።»

ደሜ ፈላ። ፈጣኑን ከስንት አገር አስመጥቼ በዘገምተኛ ልሂድ?

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«ከሰው ጋር ዳገት ስትወጣ እኮ የደከመውን ትጠብቃለህ» አለ ታምሩ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። ጭራሽ! የመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ሳይበቃኝ እቤቴ ድረስ? ገጹን ዘጋሁበት፤ ፍጥነቱም እንደነበረ ቀረ።

አሁን ግርማ ይመጣል። ግርማ የዚያው ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ እላይኛው ሰፈር፣ ሼቻ ይኖራል። በዕድሜ ታናሼ፣ በአገልግሎት ታናሼ፣ በአፉ ግን የሁላችንም አባት! በኳስ ጨዋታው የሚችለኝ እንደሌለ ስነግረው ሳቀብኝ፤ በነገር በነገር ተወራረድን። ተሸናፊ አሸናፊውን ዓመቱን ሙሉ «ጋሼ» እያለ በአንቱታ ይጠራዋል፤ በገባ ቁጥርም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይለዋል። ዓይኔን ሳላሽ ተስማማሁ። ያ አፍ «አንቱ» ሲለኝ አስቀድሞ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የቢሮው ግማሽ የላንቴ ሙዝ ይዞ ቤታችን ተሰበሰበ። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ቀጥ! ደግሜ ተጫንኩ። ምንም! ብሽቀቴ ጣቴ ላይ ወርዶ ደበደብኩት። በመጨረሻ ሲነቃ የተጫንኩትን ሁሉ ባንድ ጊዜ አስታወሰና ኳሷን ከጎሉ አሻግሮ ወደ ተመልካች ሰደዳት። ግርማ ኳሷን ሲያገኝስ? ኮምፒውተሩ እንደ ቅቤ ለሰለሰለት። ገፋ፣ ገፋ፣ አገባ።

«ይደገም!» ብዬ ጮህኩ። «ተንተባትቦ ነው!»

ግርማ ሙዝ እየላጠ «የገዛ ኮምፒውተራችሁ እኮ ነው። እኔ ነኝ እንዴ ያንተባተብኩት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ታምሩን ባየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እናንተ ፍረዱኝ፤ ይሄ ሽንፈት ነው? ግፍ ነው እንጂ!

ሰኞ ጠዋት ግርማ ቢሮ ሲገባ ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ።

«ኖር!»

«በእግዜር» አለ፣ ያውም ሳያፍር። ቢያንስ እንግዳ ሲኖር እንዲምረኝ ለመንኩት። «ውርርድ ውርርድ ነው፣ ልጄ» አለኝ። ልጄ! እኔን!

ነገሩ እዚያ ቢቆም ምን ነበረበት? አዲስ የተቀጠሩት ልጆች እኔን የሚያህል ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲነሳለት እያዩ ይነሱለት ጀመር። ሻይ የምታመጣው ልጅ ከእሱ ትጀምራለች። ባለጉዳዩም «ጋሼ ግርማ የሉም?» ብሎ መጠየቅ አመጣ። ስለ ውርርዱ የሚያውቁት ሳይቀሩ ለመዱት። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ፣ እኔ ለዓመታት ዓይኔን የጣልኩበት ቦታ፣ ክፍት ሆነ። ከበላይ የመጡት ሰውዬ ቢሮውን ተዘዋውረው አዩና «ሠራተኛው እንዲህ የሚያከብረው ሰው እያለ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አሉ። ተሾመ።

ውርርዱ ያለቀ ዕለት ጠዋት፣ «አንተ ግርማ!» ልለው መንገዱን ሙሉ ስለማመድ መጥቼ የአዲሱን ቢሮውን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ቢፈቅዱልኝ ልግባ?»