ማንም ያልሰጠው ዜሮ

ዝም ያለን ሰው ወክሎ የሚናገር አይጠፋም። አንተ አፍህን ሳትከፍት «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የተባለበት ስብሰባ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ መቼም። ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን ይህን አመል ኮምፒውተሩም ለምዶት ነበር።

አልቀለድኩም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፋንክሽን የሚሏት አለች፤ በጠሯት ቁጥር አንድ ሥራ የምትሠራ። የምትሠራበትን ትሰጣታለህ። ካልሰጠሃት ጸሐፊው አስቀድሞ ያኖረላትን፣ ዲፎልት የሚሉትን፣ አንስታ ትሠራለች። ሻይ ቤት ገብተህ «ሻይ» ብቻ ስትል ስኳር ገብቶበት እንደሚመጣልህ ማለት ነው። «ያለ ስኳር» ካልክ አሳላፊዋ ትሰማሃለች፤ ዝም ካልክ ስኳርህን ጠጣ። ስኳር ደግሞ ማንንም ከትምህርት አያስቀርም።

መካነ ሰላም ከተማ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውጤት የሚደምር ፕሮግራም ከደሴ በመጣ ወጣት አስጻፈ። ወጣቱ «ነጥብ ካልተሰጠ ዜሮ» ብሎ ጽፎ ሄደ። እኛ ዘንድ ግን ሐዘን የደረሰበት ተማሪ የነጥቡ ቦታ ባዶ ይተውለታል፤ ሰደቃው ወይም ተዝካሩ ሲያልፍ ተጠርቶ ይፈተናል። ይህን የማያውቅ መምህር የለም። ለወጣቱ ግን ማን ነገረው? እሱስ መቼ ጠየቀ!

የዘጠነኛ ክፍሏ ዘሀራ እናቷ የሞቱት በፈተና ሰሞን ነው። አባቷ ቁርዓን የሚያስቀሩት፣ ማለትም የሚያስተምሩት፣ ሼህ ሰይድ ናቸው። ጅዳ ያለችው አክስቷ «ላኩልኝ» እያለች ስትጨቀጭቅ፣ እሳቸው «ክፍሏን ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች ትመጣለች» ብለው ይዘዋታል። ፕሮግራሙ ባዶዎቹን በዜሮ ሞልቶ ጣላት።

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሮጥኩ።

«ኮምፒውተሩ ነው የጣላት፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ኮምፒውተሩ ዘሀራን የት ያውቃታል? ዜሮን የመረጠው ሰው ነው! ‹ገና አልተፈተነችም› ማለት አይችልም ነበር?»

«እንግዲህ ባለሙያው ይምጣ።»

ባለሙያው እስኪመጣ ክረምት ገባ፤ መንገዱ ጨቀየ። መጥቶ አንዲት መስመር ለወጠና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። እኔም ዘሀራን ለፈተና ልጠራ ሄድኩ።

«መርሐባ መምህር፣ ይግቡ» አሉኝ ሼህ ሰይድ። የመጣሁበትን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። «ጅዳ ገባች እኮ። ዜሮ ስትባል አፈረች፤ ልሂድ አለች። ቃሌ ነውና መከልከል አቃተኝ።»

ቀና አሉ። «እስቲ ልጠይቅዎ። ያን ዜሮ የሰጣት አስተማሪ የትኛው ነው? ክፉ አስቤ አይደለም፤ አፉ ብዬ ልምረው ነው። ቂም ይዤ መስገድ ከበደኝ።»

አስተማሪዎቹን አንድ በአንድ በሐሳቤ ዞርኳቸው። አንዳቸውም አልሰጧትም። ሽማግሌው የሚምሩትን ሰው ስም እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።