ትንሽ የቀራት ዶቅዶቄ

«ትንሽ ነው የቀረው» እንደሚባለው ቃል የሰው ዕድሜ የበላ ነገር አላውቅም። ፈጽሞ የተሰበረ ዕቃ ማንንም አይጎዳም፤ ይጣላል፣ ይረሳል፣ ቢበዛ ለማገዶ ይሆናል። የሚጎዳው ሊድን ትንሽ የቀረው ነው። እንዳይጥሉት ትንሽ ነው የቀረው፤ እንዳይገለገሉበት ትንሽ ይቀረዋል። ሊከደን ትንሽ ቀርቶት ክረምት የገባበት ቤት፣ ሽማግሌ ሊላክባት ትንሽ ቀርቶ ለሌላ የተዳረች ልጅ፣ በየሰፈሩ የማያውቅ ማን አለ? እኔ ደግሞ ዶቅዶቄ ነበረችኝ።

ዶቅዶቄ ስል ከተሜው አንባቢ አስፋልት ለአስፋልት የምትንሸራሸረዋን እንዳያስብብኝ። የኔዋ የጭቃ ናት። ጎማዋ ጥርስ አለው፤ ጭስ ማውጫዋ ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ እንዳይገባት ወደ ላይ ተሰቅሏል። ወረታ ያመጣት በሃምሳዎቹ ውስጥ ወንዝ ለመለካት የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። ርብንና ጉማራን ለክቶ ሲጨርስ፣ ወይም መለካቱ ሲሰለቸው፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ጥሏት ወደ አገሩ ሄደ። እኔ ባየኋት ጊዜ አንዲት ገብስማ ዶሮ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ነጋዴው ዶሮዋን አስነሥቶ፣ ሞተሯ ደኅና እንደሆነ፣ የጎደላት ትንሽ ነገር ብቻ እንደሆነ ማለልኝ። በካፖርቴ ለወጥኳት። ካፖርቱ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ምን ልታደርግልህ ነው የምትሉኝ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከአባቴ ይጀምራል። እኔ በወረታ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ቁሐር ሚካኤል በምትባል መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀረናቸው አንዲት ላም፣ ጥቂት ዶሮዎችና እኔ ነን። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ እሳቸው ዘንድ አድርና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመለሳለሁ። አብረን የምንሠራው ትልቅ ሥራ ገበጣ መጫወት ነው። አባቴ ደጃፋቸው ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ መሬቱን ራሳቸው ቆፍረው ያበጁት ገበጣ አላቸው። የሚጫወቱትም በሽምብራ ነው። ጠጠር አይወዱም፤ ጠጠር የእረኛ ነው ይላሉ። ጨዋታው ሳያልቅ ሲቀር እንዳለ እንቅብ ይደፉበትና ዶሮ እንዳይለቅመው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ በሳምንቱ ስመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። የመጨረሻዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ጥቅምት ነበር፤ ተራው የኔ ነበር፤ እየተሸነፍኩም ነበር። ሳምንት አስብበትና ና ብለው እንቅቡን ደፉት።

ዶቅዶቄዋን ያገኘኋት በዚያ ሳምንት ነው። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ሰሌዳው ላይ አሰላሁ። ሁለት ሰዓት መሄድ፣ ሁለት ሰዓት መመለስ፤ በዶቅዶቄ ቢሆን ግን ግማሽ ሰዓት። እንግዲህ ቅዳሜ ብቻ ለምን? ረቡዕም፣ ዓርብም መሄድ ይቻላል ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ልጁን የሚያይ አባት በፎገራ ምድር ማን አለ? ስሌቱ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ ዛሬም ብታርሙት ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በገበያ መሃል እያጓራሁ የማልፈውን ማለፍ ግን ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩትም።

በወረታ ሞተር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የወፍጮው ሰው አያ ደሴ ነው። ዶቅዶቄዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ተወፍጮ በምን ትለያለች? ያ ይቆማል፣ ይቺ ትሄዳለች፤ ሌላው አንድ ነው» አለኝ። እውቀት ማለት ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ችግሩ ወፍጮው ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋታ አይሰጠውም፤ የሚያርፈው በሰንበት፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሰንበት መፍጨት እንጂ ሞተር መፍታት አልተከለከለም ሲል አያ ደሴ ራሱ ፈረደ። በዚህ ፍርድ ላይ ካህን አላማከርንም። እንግዲህ የዶቅዶቄዋም ቀን ቅዳሜና እሑድ፣ የአባቴም ቀን ቅዳሜና እሑድ ሆነ። ለሁለት ሳምንት ያህል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የአባቴ ጎረቤት እታለም ፈንታ በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ወረታ ትመጣለች። አባባን በሚመጣው ቅዳሜ በዶቅዶቄ እደርሳለሁ፣ ትንሽ ነው የቀራት በይልኝ ብዬ ላክኋት። በሳምንቱም ያንኑ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት መልእክቱን ልነግራት ስል ገና አፌን ሳልከፍት «ትንሽ ነው የቀራት ልበላቸው?» ብላ ቀደመችኝ።

ጥር ላይ ዶቅዶቄዋ ተነሣች። እውነቴን ነው፤ ተነሣች! አያ ደሴ ቤንዚኑን ሞላላት፤ የሞተር ዘይት የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ አገኘና ዘይቱንም ሞላላት፤ ስረግጣት አጓራች። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ ድረስ ንጉሥ ሆኜ ሄድኩ። ሴቶች እልል አሉ፤ አንድ አዛውንት አማተቡ። መገንጠያው ላይ ስደርስ አንድ ነገር ጮኸና ቀጥ አለች። ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ወርዶ አያትና ዘይቷን በየት እንዳጠጣናት ጠየቀ። አያ ደሴ በኩራት ቀዳዳውን አሳየው። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ይህች ዓይነቷ ዘይቷን ለብቻ አትጠጣም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጣት። ያ ቀዳዳ የማርሿ ነው፤ ሞተሯን እኛ ቤንዚን ብቻ አጠጥተናት ፒስተኗ ደርቆ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። «ትንሽ ላምባ አፍስሱባት፣ ትለቃለች» ብሎን ሄደ። ትንሽ ያላት ነገር ሦስት ሳምንት ወሰደች። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ሌላ ሦስት ሳምንት።

የካቲት ላይ እታለም ፈንታ በተራዋ መልእክት ይዛ መጣች። አባቴ ዓይናቸውን ትንሽ ጋረድ ያደርጋቸዋል፤ ደግሞም የገበጣው ተራ ያንተ ነው ብለዋል። እኔም አሰብኩ፤ አላሰብኩም አልልም። ዶቅዶቄዋ እንደተነሣች አፈናጥጬ ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንደምወስዳቸው፣ ትንሽ እንዲታገሡኝ ላክሁባቸው። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ የት ይቆም እንደነበር ልንገርህ? ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር። ጠዋት ጠዋት ጥሩምባውን ሲነፋ የክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ድምፁ እስኪያልፍ ጠብቄ ማባዛት ማስተማሬን እቀጥላለሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሾፌሩ ያለው፣ ከቤንዚን የሚቀላቀለው ዘይት ወረታ ውስጥ ጠፋ። አያ ደሴ ዘይት ዘይት ነው ብሎ የኑግ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ቀላቀለላት። እሷም አልናቀችውም፤ ጥቂት አንጎራጎረች። ጭሷ ግን የጾም ወጥ ወጥ ይሸታል። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ቄስ ቆም ብለው ማን ቤት ዝክር እንዳለ ጠየቁን። በሦስተኛው ቀን የኑጉ ዘይት ውስጧ ረግቶ ካንዴላዋንም ጭስ ማውጫዋንም ደፈነው። እንደገና ፈታናት። አያ ደሴ ከተደፈነው ጭስ ማውጫ ውስጥ ጥቁሩን ነገር በሽቦ እየጫረ፣ አሁን ትንሽ ነው የቀራት አለኝ። አመንኩት።

ለፋሲካ ለምን በእግርህ አልሄድክም? ይህን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። መልሱ አፈርኩ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በዶቅዶቄ እመጣለሁ ሲል የከረመ ሰው፣ አገሩ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ እየጠበቀው፣ አቧራውን እያራገፈ በእግሩ እንዴት ይገባል? ያችን መንገድ በልጅነቴ በባዶ እግሬ፣ በወጣትነቴ በሸራ ጫማ ስመላለስባት ኖሬ በሠላሳ ዓመቴ አሳፈረችኝ። ለፋሲካ በግ ገዝቼ በእታለም ፈንታ ላክሁ። በጉ በእግሩ ሄደ።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ዶቅዶቄዋ ተነሣች፤ ጎንደር የላክንበት ዘይት መጥቶ፣ ካንዴላዋ ተቀይሮ፣ ዳግምም ሳትጠፋ። የፊተኛው ዝናብ ሜዳውን ነካ ነካ አድርጎት ስለነበር ዋልካው ጎማው ላይ ይለጠፍ ጀምሯል፤ ቢሆንም የጭቃ ናት ብያችኋለሁ። ከብቱ ጭራውን ሰቅሎ ሲሸሽ፣ ሰዉ ከየደጁ ሲወጣ፣ ሰዓቴን እያየሁ ወደ ቁሐር ገሰገስኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ከእንቅቡ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሞተሯን አጠፋሁ። አባቴ ወደ እኔ ያዞሩት ፊታቸውን አልነበረም፤ ጆሯቸውን ነው። «የማን ወፍጮ ነው እናንተ፣ በመንገድ የሚሄድ?» ብለው ጠየቁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው ከስተሃል አሉኝ። ምን እንደምል ስለጠፋኝ፣ እፍረት አያልቅብኝም፣ አባባ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የደረስኩት ብዬ ነገርኳቸው። «ለኔስ ረዘም ያለ ነው የመሰለኝ፣ ልጄ» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ዶቅዶቄዋን እስከ ጉልበቷ ዋልካ ውስጥ ቀበራት። እኔና አባቴ በማግሥቱ አንድ ዱላ ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ እኔ ፊት እሳቸው ኋላ፣ የሁለት ሰዓቱን መንገድ አራት ሰዓት ፈጅተን ወረታ ገባን። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አውቶቡሱ ላይ ተሳፈርን። ጎንደር ያየን ሐኪም ትሑት ሰው ነበር። ባትሪውን አባቴ ዓይን ላይ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና አብርቶ ወደ ውጭ ጠራኝ። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ለነገሩ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አራት ወር፣ አራት ወር ተኩል ቢሆን አለ። ከሰኔ አራት ወር መቀነስ ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ የካቲት ነው።

አባቴን መልሼ ቁሐር አደረስኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢረግሙኝ እመርጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ተናግሬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አባባ ብዬ ሳለቅስ፣ የሰው ልጅ እንደሆነ ይሳሳታል አሉና ላሟ ታልባ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደጁ ላይ ዶቅዶቄዋ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ነበር። የአባቴ ዶሮዎች ሦስት ቀን ሳይሞላት አውቀዋት መቀመጫዋ ላይ ሰፍረዋል። ወደ ቀድሞ ሥራዋ ተመለሰች።

አባቴ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው ከገበጣው አጠገብ ተቀመጡ። በል እንግዲህ፣ ተራው ያንተ ነው አሉኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ያን እንቅብ ማንም እንዳይነካው ከልክለዋል፤ እታለም ፈንታ እንኳ ደጁን ስትጠርግ ዙሪያውን ነው የምትጠርገው። ድንጋዩን አነሣሁ። እንቅቡን ገለጥኩ።

ሽምብራው በቅሏል። የሰኔው ዝናብ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ በእንቅቡ ሥር ሰርጎ ገብቶ፣ በየጉድጓዱ ያለው ሁሉ፣ የኔም የእሳቸውም፣ ቢጫ ቡቃያ አውጥቶ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። የማን ስንት እንደነበር፣ ማን እየመራ እንደነበር የሚለይበት መንገድ የለም። አባቴ የሽምብራ ድምፅ ቢያጡ እጃቸውን ዘርግተው ጉድጓዶቹን በጣታቸው አንድ ባንድ ዳሰሱ፤ እስከ መጨረሻው ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ቡቃያውን ሳይነቅሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው ቸኮልክ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እሸት ይደርስልን ነበር።»