ሞተሩ እስኪበርድ

ትናንት፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች፣ መምህር ወንድይፍራው ሕልም አየ። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ እሱ ግን የተኛው ለማደር አልነበረም። አንድ ሞተር እስኪበርድ እየጠበቀ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድይፍራው ደሴ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነው። ባለቤቱ ሲስተር እንጉዳይ አዋላጅ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዳገት ላይ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ የምትጠራባቸው ቤቶች ደግሞ ከዳገቱም በላይ ናቸው። አሮጊቷ መኪናቸው ዳግም ላትነሳ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። አራት ወር ሙሉ እንጉዳይ በታመመ ጉልበቷ ስትወጣ ስትወርድ፣ ወንድይፍራው መኪና ይመርጣል። ሥራ ፈትቶ እንዳይመስላችሁ፤ ደብተር አለው። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሮ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ሃይብሪድ፣ ኤሌክትሪክ ብሎ ጽፎ፣ ለጉልበቱም፣ ለፍጆታውም፣ ለመለዋወጫውም ልክ እንደ ተማሪ ፈተና ነጥብ ይሰጣል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይሰጣል። እንጉዳይ አንዳንዴ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እህስ፣ ማን አለፈ?» ትለዋለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላታል።

በአሮጌ መኪና ገበያ አንድ የታወቀ ተንኮል አለ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል፣ የሚያስል፣ የሚያጨስ መኪና ያለው ሻጭ፣ ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነስቶ ያሞቀዋል። የሞቀ ሞተር ጉዱ አይታወቅም። ወንድይፍራው ይህን ከሰማ ወዲህ መኪና ሊያይ ሲሄድ ከሰላምታው በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ለብ ካለው «አሙቃችሁታል!» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መኪና ትቶ ሄዷል። ትናንት አሥራ ሁለተኛዋን ሊያይ ይማም የሚባል ሻጭ ግቢ ገባ። ደህና የቤንዚን መኪና ነበረች። ነካት፤ ትሞቃለች።

«አሁን ከኮምቦልቻ ነድቻት ገባሁ እኮ ጋሼ!» አለ ይማም። «ታዲያ ሞተር ሠርቶ ላይሞቅ ነው? በሉ ቤትዎ ገብተው እስክትበርድ ይቆዩ። ማንም አይነካትም። ግን ሌላ ገዢ አለኝ፤ አሥር ሰዓት ካለፈ እንዳይቀየሙኝ።»

ወንድይፍራው ደስ አለው። ቤቱ ገባ፣ ምሳውን በላ፣ ደብተሩን ታቅፎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ዓይኑን ለአፍታ ብቻ ሊያሳርፍ ነበር ሐሳቡ።

ዓይኑን ሲገልጥ ለሽያጭ በቀረቡ ሾፌሮች ተራ ውስጥ ቆሟል። ግቢው የይማም ግቢ ነው፤ ግን ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። ግንባራቸው ላይ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፏል። መኪኖች በመካከላቸው እየተንጎራደዱ የሰዎቹን ጫማ በጎማቸው ረገጥ ረገጥ ያደርጋሉ። ከጎኑ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ አንዲት ትንሽ መኪና ጥርሱን ስትቆጥርበት አፉን ከፍቶ ዝም ብሏል።

ጥቁር መነጽር ያደረገና ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው የያዘ አህያ እየሮጠ መጣ። ደላላው ነው።

«ምን ቆመሃል? ሩጥ!» አለው።

«ለምን?»

«ገዢ እየመጣ ነዋ! ቀዝቃዛ ሆነህ ካገኙህ ትስላለህ፣ ታሳፍረኛለህ። ግቢውን አምስት ጊዜ ዙርና ሙቅ!»

«ይኼ እኮ ማጭበርበር ነው!»

«ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዘመን ተሸክሜያችሁ አልፌ አንድ ቀን ብሸጣችሁ ማጭበርበር ሆነ?»

ወንድይፍራው ሮጠ። አምስተኛውን ዙር ሲጨርስ አራት ሞተሮች ግቢው ገቡ። ከነመኪናቸው አልነበሩም፤ ሙቀት እንደበዛበት ሰው ኮፈናቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ፊት የመጣው ትከሻ ሰፊው ናፍጣ ነው። ሰላም ሳይል መዳፉን የወንድይፍራው ግንባር ላይ አሳረፈ።

«አሙቃችሁታል» አለ፣ መሬት በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ።

«አሁን ከኮምቦልቻ ገብቶ ነው እኮ ጌታው!» አለ አህያው።

«አቀዝቅዙትና ከፊቴ አስነሱት።»

ጥላ ውስጥ አስቀምጠው አቀዘቀዙት። ከዚያ ተነሳ ሲሉት ሰባት ጊዜ ሳለ፣ ወገቡን ይዞ፣ በስምንተኛው ቆመ። ወንድይፍራው ያን ያህል አፍሮ አያውቅም። ናፍጣ ግን አልሳቀበትም።

«አይዞህ» አለው። «እኔም የደሴን ጠዋት አልወደውም። እስክሞቅ ድረስ ስነጫነጭ ጎረቤት ይቀሰቀሳል። አንዴ ከሞቅሁ ግን ጫንብኝ። እህል ጫን፣ ድንጋይ ጫን፣ ዳገት አምጣ፤ ቀስ ብዬ እንዳንጎራጎርኩ እወጣልሃለሁ። በትንሽ ነዳጅ ረጅም መንገድ የእኔ ነው። ለመሆኑ በቀን ምን ያህል ትነዳለህ?»

«ከቤት ትምህርት ቤት። ሁለት ኪሎ ሜትር።»

«ሁለት ኪሎ ሜትር ጉሮሮዬን መጥረጊያም አትሆነኝ! ባቲ በለኝ፣ ሚሌ በለኝ። ባጭር ባጭሩ ካመላለስከኝ ጥላሸት ይሞላኝና ታፍኜ እሞትብሃለሁ።»

ቤንዚን ከኋላው እየዘለለች መጣች። ቀጭን፣ ቅልጥፍጥፍ ያለች ናት፤ ገና ስሟ ሲጠራ «አቤት» ብላ ትነሳለች።

«እኔ ቶሎ እነሳለሁ፣ ቶሎ እሮጣለሁ፣ ብታመምም ቶሎ እድናለሁ» አለችው። «የትኛውም ሰፈር ያለ መካኒክ አንጀቴን በጨለማ ያውቀዋል። አንድ ነገር ልንገርህ ግን፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ደግሞ ይጠማኛል። ስጠጣ አትቆጣኝ።»

ወንድይፍራው በሐቀኝነቷ ልቡ ተነካ። ስንቱ ሻጭ ነው ስለራሱ እንዲህ የሚናገር?

ሃይብሪድ መንታ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጋቢ ለብሰው፣ አንዱ ሲራመድ ሌላው አንቀላፍቶ፣ ዳገት ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ነቅተው ይመጣሉ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አላቸው ወንድይፍራው፣ መምህርነቱ ትዝ ብሎት።

«እኛ ወጣነው!» አሉት ባንድ አፍ። «ሌላው ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ይዞ ጉልበቱን ያባክናል። እኛ ፍሬን በያዝን ቁጥር ጉልበቷን ለቅመን እናስቀምጣለን። ቆም ቀጥል በሚበዛበት ከተማ ማን ይደርስብናል? ስንታመም ብቻ፣ የሁለታችንንም ጠባይ የሚያውቅ ሐኪም ፈልግልን። እሱ እንደ ልብ አይገኝም።»

«አራተኛዋስ?» አለ ወንድይፍራው ዞር ዞር ብሎ።

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከጎኑ ሰማ። ኤሌክትሪክ ናት። መቼ እንደመጣች አልሰማትም።

«አትተነፍሺም እንዴ?»

«ምን ያደርግልኛል? የጦሳ ተራራ ራስም የአፋር በረሃም ለእኔ አንድ ነው። የምትቀይርልኝ ዘይት የለኝ፣ ካንዴላ የለኝ፣ ጭስ የለኝ። ቤትህ አሳድረኝና አብላኝ፤ ጠዋት ጉልበቴን ሁሉ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሬ እሰጥሃለሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ኤሌክትሪክ ኮፈኗን ካንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። አህያው እንኳን ሁለቱንም ስልኮቹን ዘግቶ መልሷን ጠበቀ።

ወንድይፍራው አራቱንም እያየ አፉን ከፍቶ ቀረ። አራት ወር ቁጥር ሲሰጣቸው፣ እንዲህ የተከበሩ ፍጥረታት መሆናቸውን አላወቀም ነበር። ነጥባቸውን ሊያርም ደብተሩን ገለጠ። ደብተሩ ውስጥ ግን የራሱ ስም ነው የተጻፈው። በቀይ እስክሪብቶ፣ በሞተሮቹ እጅ፣ ሦስት ጥያቄ ሰፍሯል፦ የት ትሄዳለህ? ምን ትጭናለህ? መንገድህ ምን ዓይነት ነው? ከሦስቱም ሥር ዜሮ አለ።

«እኔማ የትም አልሄድም» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «የምትሄደው ሚስቴ ናት።»

አራቱ ሞተሮች እርስ በርስ ተያዩ።

«በቀን ስንት ትሄዳለች?» አለ ናፍጣ።

ወንድይፍራው ደብተሩን አገላበጠ። የናፍጣውን ፍጆታ እስከ ነጥቡ ያውቃል። ሚስቱ በቀን የምትወጣውን ዳገት ግን አንድ ቀን ቆጥሮት አያውቅም።

«ስሟ ማነው?» አለች ቤንዚን።

«እንጉዳይ።»

«አዋላጇ?» አሉ አራቱም ባንድ ጊዜ፣ ኮፈናቸውንም ከክንዳቸው አውርደው በአክብሮት ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ያን ዳገት የምትወጣዋ?» አለ ናፍጣ። «እኔ ለእሱ ስንት እንደምጠጣ ባወቅህ!»

«እኔ ስንት ቀን አይቻታለሁ» አለች ቤንዚን። «በብርድ፣ በዝናብ፣ በመጀመሪያው ጥሪ ነው የምትነሳው። አንድ ቀን እንኳ ስታስል አልሰማኋት።»

«ስትወርድም እኮ የምትወጣበትን ጉልበት ታጠራቅማለች» አሉ መንታዎቹ። «ከማን ተማርነው መሰለህ?»

«መብራት ሲጠፋም ትሠራለች» አለች ኤሌክትሪክ በቀስታ። «በእጅ ባትሪ።»

ወዲያው ግቢው ጤና ጣቢያ ሆነ። አራቱ ሞተሮች እንጉዳይ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ አህያው ተራ ቁጥር ያድላል። ወንድይፍራው ሰልፉ ጭራ ላይ ነው። እንጉዳይ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ የጽንስ ልብ ትርታ የምታዳምጥባትን የእንጨት ቀንድ ይዛ ወጣች። እነዚያ ሰው የሚፈትሹ ኃያላን እንደ ነፍሰ ጡር አልጋው ላይ በየተራ ተጋደሙላት። ቀንዷን ሆዳቸው ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

«ልብህ ደህና ነው፤ ሥራ መፍታት ነው የሚገድልህ» አለችው ናፍጣን። «አንቺ ውኃሽን እንዳትረሺ» አለቻት ቤንዚንን። መንታዎቹን አንድ ላይ አዳምጣ፣ «ተስማምታችሁ መኖራችሁ ደስ ይላል» አለቻቸው። ኤሌክትሪክ ሆድ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ እንጉዳይ ግን ጆሮዋን ሳታነሳ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። «ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ» አለች።

ወንድይፍራው ከሰልፉ ጭራ ጮኸ። «እንጉዳይ! ታዲያ የትኛውን እንግዛ?»

«ይኼማ ምን ይጠየቃል?» አለች። ቀንዷን ኪሷ ከተተች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት መዳፏ ግንባሩ ላይ አረፈ።

«ላብ አጥምቆሃል» አለችው። «ተነስ።»

ሶፋው ላይ ነው። የደብተሩ ቀለም ጉንጩ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። እንጉዳይ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ከላዩ ቆማለች። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል ይላል።

«ይማም!» አለ ወንድይፍራው፣ ዘሎ እየተነሳ።

«ደውሎ ነበር። ስልክህ ሲጮህ ስላልነቃህ እኔ አነሳሁት።»

«ምን አለ?»

«'ሞተሯ በርዶላቸው ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው አሙቆ ወሰዳት በያቸው' አለ።» ከንፈሯ ላይ ያለው ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየውም። «በል እኔ ልሂድ። ላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት ምጧ ጀምሯታል።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ቢጮህ ምን ዋጋ አለው? ሲያያት ግን ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላዋለች። መቼ መጠቅለል እንደጀመረች አያውቅም። አፈረ፤ ከሕልሙ ግቢ ይልቅ እዚህ አፈረ።

«እንጉዳይ፣» አለ፣ «ከአራቱ የትኛው ይሻልሻል?»

በሩን ልትከፍት የያዘችው እጇ ቆመ። «ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። ቁጣ አልነበራትም፤ በእውነት ገርሟት ነው።

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«የትኛውም ይሁን፣ በር ላይ የቆመው» አለች።

በሩን ከፈተችው። በር ላይ አሮጊቷ መኪና ትታው የሄደችው የዘይት ጠባሳ ብቻ ነበር። እንጉዳይ ተሻግራው ወጣች። ወንድይፍራው ደብተሩን ሶፋው ላይ ትቶ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ደረሰባትና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት። የመጀመሪያውን ዳገት አጋምሰው እሱ ሳል ጀመረው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እንጉዳይ ከፊቱ ሆና፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ቀስ በል፣» አለችው፣ «ገና አልሞቅህም።»