«ማን አወጣልሽ?» የሚሉት ጋሽ ዘአማኑኤል

በየሰፈሩ አንድ ስም መርማሪ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ሰው ገና አልገባበትም ማለት ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ አልታደለም ይሆናል። ይህ ሰው ስምህን ስትነግረው እንደ ሌላው ፍጥረት «እሺ» ብሎ አያልፍም። ይቆማል፤ አንተንም ያቆምሃል። ለሱ ስም የተከፈተ ክስ ነው፤ አንተ ተከሳሽ ነህ፣ እናትህ ደግሞ ያልቀረበች ምስክር።

የኛ፣ የአቃቂ ቃሊቲዎቹ፣ ክቡር ሊቀ ጠያቂያን ጋሽ ዘአማኑኤል ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ከክር ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ ሥራ የፈቱ የመሰለው ሁሉ ተሳስቷል። ሥራ የጀመሩት ያኔ ነው።

ጥያቄያቸው ሁለት ነው። «ማን አወጣልህ? ለምን አወጣልህ?» ትርጉሙን ልትነግራቸው ከሞከርክ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲኖትራክ እንደሚያስቆመው እጃቸውን ያነሳሉ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ስሙ በዕብራይስጥ ንጉሥ ማለት እንደሆነ ሊያነብላቸው ሲል፣ «ትርጉሙን አልጠየቅኩህም፤ ታሪኩን ነው» አሉት። ልጁ ታሪክ አልነበረውም። «እንግዲያው ሂድና እናትህን ጠይቅ፤ እዚሁ ነኝ» ብለው ሰደዱት። አይ ድፍረት። የሚያሳዝነው ደግሞ ልጁ መሄዱ ነው።

አንድ ጠዋት ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የረዳቱን ስም ጠየቁ። «ኦልጅራ» አለ፣ ግማሽ አካሉ በበሩ ወጥቶ። ማን እንዳወጣለት አያውቅም። ጋሽ ዘአማኑኤል የሰው ልጅ ይህን ሳያውቅ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው በታላቅ ሐዘን ጠየቁና እንዲደውል አዘዙት። ደወለ። አባትየው አጎቱን ጠይቅ አሉ፤ አጎትየው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ወሬው ስቦት ፌርማታ አለፈ። እኔ ሥራ እንዳለብን ስናገር ዞር ብለው፣ «ሙሉአለም፣ ትንሽ ታገሺ፤ መልሰው ይደውላሉ» አሉኝ። ደወሉም። አንዲት ሴትዮ መውረጃቸው ደርሶ ሳለ ታሪኩ ሳያልቅ አልወርድም ብለው እስከ መጨረሻው ሄዱ።

ለቅሶ ላይስ? አቶ ማንያዘዋል የሚባሉ ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ጋሽ ዘአማኑኤል ወደ ሟች ታላቅ እህት ጠጋ ብለው፣ ገና የተወለደ ልጅ ማን ሊይዘው ሞክሮ ነው ማንያዘዋል የተባለው ብለው ጠየቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትየዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ሕፃኑ ሲታጠብ ከአዋላጇ እጅ እንዴት እንዳፈተለከ፣ አዋላጇም ደንግጣ ምን እንዳለች መናገር ጀመሩ። ጨርሰው ሳይናገሩ ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። የሟች ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፤ ግን ተናድጄ ነው የሳቅኩት።

መናደዴ በከንቱ አይደለም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ባገራችን ስም መጠየቅ ምን ሆኗል? ማጣሪያ ሆኗል። ቢሮ ሄደህ ስምህን ስትናገር ሰውየው ፊቱ ይፈካል ወይም ይጨልማል፤ ጉዳይህ ገና አልተነገረም። ቤት ልትከራይ ሄደህ ስምህ ከአባትህ ስም ጋር ይመዘናል። በዚህ ዘመን ሰውን አቁሞ «ስምህን ማን አወጣልህ?» ማለት ቁስል መነካካት ነው። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። እየሰሙኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስጨርስ፣ «ልክ ነሽ። ለመሆኑ ሙሉአለም ያለሽ ማነው?» ይላሉ። «አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም» እላለሁ። ሰፈሩ ውስጥ እጅ ያልሰጠሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ደግሞ ጋዲሴ አለች፣ ሱቅ ያላት። ቤተሰቦቿ ይሄ ሁሉ ሕንፃ ሳይመጣ እዚሁ አርሰው የኖሩ ናቸው። ጋዲሴ በኦሮምኛ ጥላን የያዘ ስም ነው። እሷ ግን ትርጉሙን ሳይሆን ታሪኩን ተጠየቀች። እናቷ በአጨዳ ሰዓት ምጥ ይዟት አንድ ዛፍ ሥር እንደወለደቻትና ስሙን አያቷ እንዳወጡ ተናገረች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃል። ጋሽ ዘአማኑኤል ግን ዛፉን አሳዪኝ አሉ። ሱቋን ዘግታ ወሰደቻቸው። ዛፉ የነበረበት ላይ የኮንዶሚኒየሙ የውሃ ታንከር ቆሟል። ሁለቱም ታንከሩ ሥር ቆመው አየኋቸው። ያን ቀን አልተናገርኳቸውም።

ምትኬ ላይ የመጡ ጊዜ ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ምትኬ ቂሊንጦ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የጎረቤቴ የእትዬ ፈለቀች ልጅ ናት። ከሷ በፊት ወንድ ልጅ ተወልዶ በሕፃንነቱ ሞቷል። ከዚያ እሷ መጣች፤ ምትኬ ተባለች። ነገሩ ይኸው ነው። እናትየው ስለሞተው ልጅ አያነሱም፤ ልጅቷም አትጠይቅም። አሁን ልታገባ ነው። ከጋብቻዋ በፊት በፍርድ ቤት ስሟን አስለውጣ ሶሊያና ልትባል ቆርጣለች። ሁለት ምስክር ያስፈልጋታል፤ እኔንና ከተወለደች ጀምሮ የሚያውቋትን ጋሽ ዘአማኑኤልን መረጠች።

«የሞተ ሰው ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ አላረጅም» አለችኝ። ልክ ናት አልኩ። አሁንም ልክ ናት እላለሁ።

ጋሽ ዘአማኑኤል ግን እናትየዋን ሳልጠይቅ ምስክር አልሆንም አሉ። ለመንኳቸው፤ ተቆጣኋቸው። እትዬ ፈለቀች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸፈኑትን ነገር እርስዎ ጫፉን ይዘው ሊጎትቱ ነው ወይ አልኳቸው። ኮታቸውን ለበሱ። ላስቆማቸው ስላልቻልኩ ተከትያቸው ሄድኩ፤ ቢያንስ አፋቸውን እይዛለሁ ብዬ።

እትዬ ፈለቀች ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ምትኬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሽማግሌው ሰላምታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ጀመሩ።

«ፈለቀች፣ ለዚች ልጅ ስሟን ማን አወጣላት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ለምን አወጣሽላት?»

የመለሰችው ምትኬ ናት። «ለምን እንደሆነማ ይታወቃል። ወንድሜ ሞቶባት ነዋ። በጠራችኝ ቁጥር እሱን ነው የምትጠራው፤ እኔ አቤት እላለሁ።»

እትዬ ፈለቀች ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። እጃቸው ላይ የቀረውን ምስር አራገፉ።

«ሁለታችሁንም ነው የምጠራው» አሉ። «እሱን በምን ልጥራው? አርባው ሳይደርስ ነው የሄደው። በኛ ቤት ልጅ ክርስትና ሳይነሳ ስም አይወጣለትም። ማሙሽ ነበር የምንለው። ማሙሽ የማንም ልጅ ነው። ያንቺ ስም ብቻ ነው ያለው።»

ምትኬ ከተደገፈችው በር ቀና አለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ወንድሟ ስም እንዳልነበረው አታውቅም ነበር። ስሙን የሚደብቋት ይመስላት ነበር፤ እናትየው ደግሞ ልጄ ስሟን ለወንድሟም ጭምር ተሸክማለት በኩራት ትኖራለች ብለው ያስቡ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር፣ ይህን ያህል ዘመን! እኔ የጋሽ ዘአማኑኤልን እጅጌ ሳብኩ፤ ይበቃል፣ እንሂድ። ንቅንቅ አላሉም።

«ክርስትና ሲነሳ ልታወጪለት ያሰብሽው ስም ማን ነበር?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሳቸው በቀር ማን ይጠይቃል? ቄስ አልጠየቀ፣ ባል አልጠየቀ፣ ለቅሶ ደራሽ አልጠየቀ። ከማዶ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አለፈ።

«ቀናው» አሉ እትዬ ፈለቀች።

«ማን አወጣለት?»

«እኔው።»

«ለምን አወጣሽለት?»

ተናገሩ። ባላቸው ፋብሪካ የተቀጠሩት ልጁ በተወለደ ሳምንት ነበር፤ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲያመጡ ሕፃኑን አቅፈው በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ዞረው ዞረው፣ ቀናን እኮ ቀናን እኮ እያሉ ሲያዜሙ ስሙ እዚያው እትዬ ፈለቀች ልብ ውስጥ ገባ። ለባላቸው እንኳ አልነገሩም፤ ለአርባው ቀን አስቀምጠውት ነበር። ምትኬ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ጸጉር ነበረው ወይ፣ ማንን ይመስል ነበር እያለች ትጠይቃለች። ሲመሽ እናትየው የምስሩን ሰፌድ አንስተው ሲገቡ፣ ዞር ብለው እንዲህ አሏት።

«እንግዲህ እሱም የራሱ ስም አለው። አንቺም ሂጂና የራስሽን አምጪ።»

ስሟን መለወጡን ተወችው እንዴ ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አልተወችም። ፍርድ ቤት ሄድን፤ ጋሽ ዘአማኑኤል ክራባት አስረው። የተጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ አስምያቸው ነበር፤ መሐላቸውን ጠብቀው ወጡ፣ በር ላይ ግን የጥበቃውን ሠራተኛ ስም ሳይጠይቁ ማለፍ አልቻሉም። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ሙሽራዋ ዞረው፣ «ሶሊያና ያለሽ ማነው?» አሏት። «እኔ ራሴ» አለች። «ለምን?» ልጅቷ ሰፈር እስክንደርስ ተናገረች። እናትየዋ አሁን ሲጠሯት «ምት...» ብለው ያቆሙና «ሶሊያና» ይላሉ። ቀናውን ግን አንድ ጊዜም ሳይሳሳቱ ይጠሩታል።

ተሸነፍኩ አልልም። ማጣሪያ ስለሆነው የስም ጥያቄ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገም እናገራለሁ። ግን በዚህ ሁሉ ጠያቂ መሀል ከየት እንደመጣህ ሳይሆን ማን ይጠብቅህ እንደነበር የሚጠይቅ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ቤቱም ከቤቴ ሦስተኛው ነው።

ባለፈው እናቴ ዘንድ ደውዬ ነበር። ሙሉአለም ያለኝ ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምን ነካሽ አለችኝ፤ ከዚያ የስልኬ ካርድ እስኪያልቅ አወራች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዘአማኑኤል በደጄ ያልፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ አይጠይቁኝም። ተስፋ ቆርጠውብኛል መሰለኝ። ነገም ዝም ብለው ካለፉ መንገድ ላይ አስቆማቸዋለሁ። ታሪኩን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።