የፓንጋኒው ድህነት መዳቢ

የሌላውን ድህነት የሚለካ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። በእኛ በፓንጋኒዎች ላይ የተጣሉብን ክቡር ምዜ ሼኩዌ ናቸው፤ ምዜ በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው።

እሳቸው ዘንድ ድህነት ማዕረግ አለው። ማስኪኒ ማለት ድስት ኖሮት የሚጨምርበት ያጣ ነው። ፉካራ ድስቱንም የሸጠ ነው። ሆሄሃሄ ደግሞ መጠለያ ጣሪያ እንኳ የሌለው። ለኢድ ዋዜማ ነጋዴዎቹ የሚሰጡት ሩዝ መስጊዱ ግቢ ሲከመር መስፈሪያ ጣሳውን የሚይዙት ምዜ ናቸው፤ ማን እንደሾማቸው የሚያስታውስ የለም። ማዕረጉ ዝቅ ባለ ቁጥር ሩዙ ይጨምራል። ግን በነጻ እንዳይመስላችሁ፣ ማዕረግህ በሕዝብ ፊት ይታወጃል! የነጋዴዎቹን ማዕረግ ግን የጠየቀ የለም።

"ፉካራ ነኝ፣ ምዜ" አላቸው አምና ዓሣ አጥማጁ ሻዋሊ።

"ድስት የለህም?"

"ሸጥኩት።"

"ታዲያ ትናንት የሸተተኝ ዓሣ በቆብህ ነው የተቀቀለው? ማስኪኒ! ቀጣይ!"

ሰዉ ሳቀ። ሻዋሊም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ። እኔ ግን ከሴቶቹ መሃል ቆሜ አልሳቅኩም።

ዘንድሮ የጎረቤቴ የቢ ሳቡራ ቤት በዝናቡ ፈረሰ። ሰሌን ሠርታ የምታድር ባልቴት ናት፤ ፍርስራሹ ላይ ላስቲክ ወጥራ ተቀመጠች። ከእኔም አልቀበል፣ የሩዙም ሰልፍ ላይ አልወጣ አለች።

"ሆሄሃሄ ተብዬ ከምበላ ጦሜን ልደር!"

በዋዜማው ምሽት ምዜ ከረጢት ተሸክመው ወደ እሷ ሲሄዱ አየሁ። ደጇ ድረስ ሊያውጁባት ነው ብዬ ስድቤን አዘጋጅቼ አጥሩ ስር ቆምኩ።

"ቢ ሳቡራ፣ እባክሽ ይህችን ሩዝ አስቀምጪልኝ። ቤቴን አይጥ ወረረው።"

"መቼ ይወስዷታል?"

"እኔ እንጃ። ከምትነቅዝ ብታበስያት ይሻላል።"

ማዕረግ የለ፣ አዋጅ የለ። ስድቤን ዋጥኩት።

በኢድ ዕለት ፒላው የሚባለውን ቅመም የገባበት ሩዝ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። ድስት ብፈልግ የለም። ለካ ለቢ ሳቡራ የሰጧት የራሳቸውን ድርሻ ነው።

"ምን ልትዪ መጣሽ?" አሉኝ፣ ሳህኑን እንዳላዩ ሆነው።

ማዕረጋቸውን ልንገራቸው ምላሴን በላኝ፤ ስንቱን አሳቅቀዋል! ግን ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም።

"ይህችን ያስቀምጡልኝ ምዜ። እኔም ቤት አይጥ ገብቷል።"

ሳህኑን ተቀበሉኝ።

"የዘንድሮ አይጥ" አሉ፣ "ቤትም አይመርጥ።"