መስኮት ዳር ማን ይቀመጥ

(ወልድያ መናኸሪያ፤ ወደ ውርጌሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ። ፈቃዱና ጀብሪል ዛሬ የአቡበከር ሚዜዎች ናቸው። በአንድ ልክ የተሰፋ ሱፍ አላቸው። ጀብሪል ለብሶታል። ፈቃዱ በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፎታል፤ አቧራ እንዳይነካው ነው ይላል። እውነቱን እሱና የኮቱ ቁልፍ ያውቁታል።)

ፈቃዱ፦ መስኮት ዳር አልቀመጥም አልኩህ እኮ።

ጀብሪል፦ ባለፈው ከሰው ተጣልተህ የያዝከው ቦታ አይደል እንዴ?

ፈቃዱ፦ ያኔ ዳይት አልጀመርኩም ነበር። መስኮት ማለት ምን ማለት ነው?

ጀብሪል፦ ንፋስ።

ፈቃዱ፦ ምግብ ነው፣ ምግብ። ሻጭ የሚመጣው በመስኮት ነው። ሰው የሚወፍረው ርቦት ሳይሆን አጠገቡ ስለተቀመጠለት ነው። በጥናት ተረጋግጧል።

ጀብሪል፦ እኔም አጠገብህ ነኝ። አወፍርሃለሁ ማለት ነው?

ፈቃዱ፦ አንተ ዳቦ ነህ? እኔ ቤት ዳቦውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው የምሰቅለው።

ጀብሪል፦ ሲርብህስ?

ፈቃዱ፦ ወንበር አለ። ቁም ነገሩ መራቁ ነው። በል ግባ።

(ጀብሪል ገባ። ሞተሩ ሳይነሳ ሳምቡሳ በመስኮት ደረሰ። ጀብሪል ገዛ።)

ጀብሪል፦ እንብላ።

ፈቃዱ፦ አልበላም።

ጀብሪል፦ በአላህ፣ እያየኸኝ እንዴት ይወርድልኛል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።

ፈቃዱ፦ እሺ፣ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው። (ጎረሰ።) ልብ በል፣ እኔ አልገዛሁም። ያልገዙት አይቆጠርም።

ጀብሪል፦ ማነው የማይቆጥረው?

ፈቃዱ፦ ሳይንሱ።

ጀብሪል፦ ሆድስ?

ፈቃዱ፦ ሆድ ምን ያውቃል፤ አልተማረ።

(መርሳ። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ማንጎው፣ ሙዙ፣ ብርቱካኑ በመስኮት ተግተለተለ። ጀብሪል እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ጉልበቱ ላይ ገበያ ቆመ።)

ፈቃዱ፦ ወደዚያ አርቀው፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ጀብሪል፦ የት ላርቀው? ከዚህ ወዲያ መስታወት ነው።

ፈቃዱ፦ እንግዲያው ቶሎ እናጥፋው። ከፊቴ ሲጠፋ ፈተናውም ይጠፋል። (ማንጎ ላጠ።) ያ ሙዝ እያየኝ ነው፤ አቀብለኝ።

ጀብሪል፦ ወላሂ ጎበዝ ነህ። ብርቱካኑም እያየህ ነው።

ፈቃዱ፦ አምጣው። መማር ለዚህ ነው።

(ውርጌሳ፣ የሙሽራው ደጅ። ድቤው ይመታል። ፈቃዱ ኮቱን ለበሰ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ጎተተ። ቁልፉና ቀዳዳው ከሩቅ ተያዩ እንጂ አልተገናኙም። የጀብሪል ግን ተቆልፎ እጅ ያስገባል።)

ፈቃዱ፦ ጀብሪል፣ አልቆለፍ አለኝ። ሙሽራው ሊወጣ ነው።

ጀብሪል፦ ክፍቱን ግባ፤ የሚዜ አበባህን ሆድህ ላይ ትይዝበታለህ።

ፈቃዱ፦ አንተስ በምን ከሳህ? መንገዱን ሙሉ ስትገዛ አልነበር?

ጀብሪል፦ ስገዛ አየኸኝ። ስበላስ አይተኸኛል?

(ፈቃዱ ሳምቡሳውን አሰበ፣ ማንጎውን አሰበ። ጀብሪል አፍ ውስጥ የገባ አንድም ነገር ትዝ አላለውም።)

ፈቃዱ፦ አንተም ዳይት ላይ ነህ?

ጀብሪል፦ ሱፉ ከተሰፋ ጀምሮ። ምግብ ካየሁ እገዛለሁ፤ ከገዛሁ ደግሞ ካልጨረስኩ አልነሳም። አንተ አጠገቤ ስትኖር ግን «እንብላ» ካልኩ በኋላ የሚተርፈኝ የለም።

ፈቃዱ፦ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ቢሮዬ የምትመጣው ለዚህ ነው?

ጀብሪል፦ ታዲያስ። ባለፈው ለስልጠና ደሴ ሄደህ ስትቀርብኝ፣ ይሄ ኮት እኔንም አልቆለፍ ብሎኝ ነበር።