ጋሽ ግሩም ወይን ሲቀምሱ

በየቤተሰቡ፣ የቀረበለትን ሁሉ የሚያደንቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሾርባው ጨው ቢበዛበት «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል፤ ፀጉርሽን አጉል ቢቆርጡሽ «አሁን ገና መልክሽ ወጣ» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ጠላት የለውም። ችግሩ ምስክር ያስፈለገሽ ቀን ነው።

የአንድ አናጺ ታላቅ እህት ባል እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። የተፀውኦ ስማቸውን የሚጠራው ባንክ ብቻ ነው፤ ለቀረው ዓለም፣ ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል፣ ጋሽ ግሩም ናቸው።

ጡረታ ሲወጡ ሚስታቸው ውጭ አገር ሄደው የወይን እርሻ የሚጎበኙበት ጉዞ ገዛችላቸው። እሷ ጉልበቷን ስላመማት ታናሽ ወንድሟን አብሯቸው ላከችው። አናጺውን ያስጨነቀው ግን ወይን አልነበረም። ተቀጥሮ መሥራቱን ትቶ የራሱን ወርክሾፕ ለመክፈት ያስባል፤ እጁ ለዚያ ይብቃ አይብቃ ግን አያውቅም። ሥራውን የሚያመሰግንለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋሽ ግሩም።

በመጀመሪያው እርሻ ጠማቂው ከበርሜሉ ቀድቶ ሰጣቸው። ክቡርነታቸው ጋሽ ግሩም ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሱ፣ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ።

«ግሩም ነው! ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?»

አስጎብኚዋ ተረጎመች፤ የጠማቂው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከዚህ በላይ የተባለው በሁለተኛው እርሻ መጣ፤ በሦስተኛውም መጣ። ሌሎቹ ጎብኚዎች እንደ ወይን ቀማሽ ደንብ ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ሲተፉ፣ ጋሽ ግሩም «የሰው ልፋት አይተፋም» እያሉ ይውጣሉ። በዚህም የተነሳ ከምሳ በኋላ በርሜሉን፣ የጠማቂውን ውሻና የምድር ቤቱን በር ሳይቀር አደነቁ። በሩ ማጠፊያው ዝጎ ሲጢጥ ይል ነበር። አናጺው ይህን ሲሰማ ቅስሙ ተሰበረ። ይህ በር ግሩም ከተባለ፣ የእሱ ሥራ ግሩም መባሉ ምን ዋጋ አለው?

በመጨረሻው ቀን አንዲት ትንሽ እርሻ ደረሱ። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የቀዳችላቸውም ያለ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የጠመቀችውን ነበር። እንደ ሌሎቹ ስለ አፈሩና ስለ ፀሐዩ አላወራችም። ጎብኚዎቹ ቀምሰው፣ ጫማ ጫማቸውን እያዩ «ደስ ይላል» አሉ። ሴትየዋ ወደ ጋሽ ግሩም ዞረች።

«እርስዎስ? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እንዴት ነው?»

አናጺው የታወቀውን ቃል እየጠበቀ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጋሽ ግሩም ወይኑን ዋጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«እህቴ፣ ኮምጥጧል።»

አስጎብኚዋ ለመተርጎም አመነታች። «እንዳለ ንገሪያት» አሏት። ሴትየዋ ስትሰማ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ሲለኝ ምላሴን ተጠራጠርኩ።»

ከዚያ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳተች ስታወራቸው ቆየች።

ሚኒባሱ ውስጥ አናጺው አላስችል አለው።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ግሩም ሲሉ ከርመው፣ ለእሷ እንዴት ጨከኑ?»

«ሌሎቹ መቼ ጠየቁኝ? ግሩም መሆኑን ነገሩኝ እንጂ። ለነገረኝ አመሰግናለሁ፤ ለጠየቀኝ እመልሳለሁ።»

አናጺው ለቤታቸው የሠራላቸው ወንበር ትዝ አለው። ያመጣላቸው ዕለት «እንዲህ ያለ ወንበር የትም የለም» ብሎ ነበር ያስረከባቸው።

«ያ የሠራሁልዎት ወንበርስ... እንዴት ነው?»

«ይነቃነቃል» አሉ ጋሽ ግሩም። «አንዱ እግሩ አጭር ነው። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አድርጌለታለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ሲያረጅ ካርቶኑን እቀይራለሁ። እህትህ አውጥተን እንጣለው ስትል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ወንበር ላይ ስቀመጥ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አይቷቸው አያውቅም። አፈረም፣ ወደዳቸውም። ጥቂት ቆይቶ የቀረችውን ጥያቄ አወጣት።

«ወርክሾፑን ልክፈት?»

ጋሽ ግሩም በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ክፈት። ወንበር ግን ለጊዜው ይቅርብህ። የመኝታ ቤታችንን በር ከገጠምክልን ወዲህ አንድ ቀን ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። በር ላይ ጎበዝ ነህ።»

አናጺው ከእኚህ ሰው አፍ ስንት ግሩም ሰምቷል። «ጎበዝ»ን ግን አመነ።

ሆቴላቸው ሲደርሱ ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ በሩ እየጮኸ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ፣ ሾፌሩም በትከሻው ገፋው።

«ግሩም መኪና ነው» አሉት ጋሽ ግሩም።

«ከዚህ በላይ ምን ይመጣል» አለ አናጺው፣ እጃቸውን ይዞ እያወረዳቸው።